የመስከረም ሽንፈት

የአሜሪካ እግር ኳስ ስለሚባለው ጨዋታ አስተያየቴን ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ፣ ከአንባቢዎቼ መካከል ፈገግ የሚሉ እንደሚኖሩ ዐውቃለሁ። ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በእጅ ነው፤ ቅርጹም እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። ዐሥራ አንድ ሰዎች ኳሱን ይዘው ዐሥር ያርድ ወደ ፊት ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጣቸዋል፤ ከቻሉ ሌላ አራት ሙከራ ያገኛሉ፤ ካልቻሉ ኳሱ ለባላጋራ ያልፋል። የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩም እጅግ ብዙ ስለ ሆነ እኔ ራሴ ከዐሥር ዓመት በላይ ተመልክቼው ገና አልጨረስሁትም።

እዚህ ላይ የማነሣው የውድድሩን መጀመሪያ፣ የፊተኞቹን ሦስትና አራት ሳምንታት ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር በኦገስት መጨረሻ፣ የባለሙያዎቹ ደግሞ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይከፈታል። ቅዳሜ የተማሪዎች፣ እሑድ የባለሙያዎች ቀን ነው። ወራቱ ከእኛ ጳጉሜንና መስከረም ጋር ስለሚገጥም፣ እኛ በስደት ያለን ሰዎች ዐደይ አበባ በማይበቅልበት አገር ዕንቁጣጣሽን ስንቀበል፣ ጎረቤቶቻችን የቡድናቸውን ቀለም ለብሰው ሌላ ዐይነት አዲስ ዓመት ሲቀበሉ እናያለን። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እኔ ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ ወደ ኮሎምበስ ከተማ የመጣሁት በ2014 ኦገስት ነው። በደሴ ከተማ ዘጠኝ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ። ኮሎምበስ ስደርስ ግን ያገኘሁት ሥራ በአንድ ትልቅ መጋዘን ሌሊት ዕቃ እየለዩ ወደ መኪና መጫኛ በሮች መላክ ነበር። የሙከራው ጊዜ ዘጠና ቀን ነው ተባልሁ። በሁለተኛው ሳምንት የበሮቹን ቍጥር አሳስቼ የአንዱን ከተማ ጭነት ወደ ሌላው ከተማ መኪና ላክሁ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ስሕተቱን ካየ በኋላ ወደ ጓደኛው ዞር ብሎ፣ «ይህ ሰውዬ ለዚህ ሥራ አይሆንም» አለ። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም፤ ቋንቋው የማይገባኝ መስሎት ነበር። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁትን ቋንቋ በዚያ ሌሊት ባላውቀው ኖሮ እንዴት በወደድሁ!

በዚያው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 6 ቀን፣ በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን መሆኑ ነው፣ የከተማው ዩኒቨርሲቲ የኦሃዮ ስቴት ቡድን በገዛ ሜዳው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተሸነፈ። ሜዳው በ1922 በፈረስ ጫማ ቅርጽ የተሠራ፣ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ነው። የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ፣ ማለት ኳርተርባክ የሚሉት የጨዋታው መሪ፣ ብራክስተን ሚለር ውድድሩ ሳይጀመር ትከሻው ተጎድቶ ከዓመቱ ጨዋታ ወጥቶ ነበር። በእርሱ ቦታ የገባው ጄ ቲ ባሬት የተባለ ገና ጀማሪ ልጅ በዚያ ምሽት ኳሱን ሦስት ጊዜ በባላጋራ እጅ ጣለው። ሰኞ ሌሊት በመጋዘኑ የዕረፍት ክፍል የነበረው ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ዓመቱ አለቀ፤ ልጁም አይሆንም ይሉ ነበር። ጨዋታውን አላውቀውም፤ ፍርዱን ግን ዐወቅሁት። በእኔ ላይ የተነገረው ቃል ያለ ምንም ለውጥ በዚያ ልጅ ላይ ተደገመ።

በዚያ ክፍል ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ዕቃ ማንሻውን መኪና የሚነዱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሌሎቹ ሲጮኹ እርሳቸው ዳቦአቸውን እየበሉ «ገና ነው» ብቻ አሉ። ቀረብ ብዬ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ጠየቅሁአቸው። አንድ የካርቶን ክዳን ገልብጠው ሜዳውን በእስክርቢቶ ሣሉልኝ፤ ዐሥር ያርድ ምን እንደ ሆነ፣ የመከላከያው ሰዎች የት እንደሚቆሙ አስረዱኝ። ከዚያም ልጁን የሚጠብቁት አምስቱ የፊት ሰዎች አብዛኞቹ እንደ እርሱ አዲስ መሆናቸውን ነገሩኝ። «አምስት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ አጥር ሊሆኑ አይችሉም፤ ጊዜ ይፈልጋሉ» አሉ። እንግዲህ የዚህ ቡድን ደጋፊ የሆንሁት ጨዋታው አስደስቶኝ ሳይሆን ልጁ አሳዝኖኝ ነው ብል ውሸት አይደለም።

የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ባሬት በሳምንታት ውስጥ እጅግ ብርቱ ተጫዋች ሆነ፤ ቡድኑም ከዚያ ወዲያ አልተሸነፈም። በኖቬምበር መጨረሻ ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ ግን የባሬት ቍርጭምጭሚት ተሰበረ። ሦስተኛው ወርዋሪ ካርዴል ጆንስ ገባ፤ ዊስኮንሲንን 59 ለ 0፣ አላባማን 42 ለ 35፣ በመጨረሻም በጃንዋሪ 2015 ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፈው የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ። የእኔም ዘጠና ቀን በኖቬምበር አጋማሽ አለቀ፤ ሥራው ጸናልኝ። ተቆጣጣሪው ያንን ቃሉን ዳግመኛ አላነሣውም፤ ምናልባት ተናግሮት እንደ ነበር ረስቶት ይሆናል።

ከዚህም የተነሣ በመስከረም የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል እምነት ለጥቂት ዓመታት ያዝሁ። ነገሩን እየተከታተልሁ ስሄድ ግን ይህ እምነቴ ሙሉ እንዳልሆነ ተረዳሁ። በ2007 ሴፕቴምበር 1 ቀን በደረጃ 5ኛ የነበረው ሚሺጋን በገዛ ሜዳው አፓላቺያን ስቴት በተባለ ትንሽ ትምህርት ቤት 34 ለ 32 ተሸነፈ። ትንሹ ትምህርት ቤት ወደዚያ የሄደው 400 ሺህ ዶላር ተከፍሎት ነው፤ ለመሸነፍ እንደ ተከራየ ይቈጠር ነበር። ሚሺጋን በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ በኦሪገን 39 ለ 7 ተመታ። በኋላ ተነሥቶ ዓመቱን በ9 ድልና በ4 ሽንፈት፣ ፍሎሪዳንም በማሸነፍ ጨረሰ። ሆኖም ያን የመጨረሻ ድል የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ የረሳ ሰውም አላጋጠመኝም።

በባለሙያዎቹ ዘንድ ሽንፈት ከፍርድ ይልቅ ሒሳብ ነው። ከ2021 ጀምሮ 17 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከ32 ቡድኖችም 14ቱ ወደ ማጣሪያው ስለሚያልፉ፣ ሁለት ጊዜ የወደቀ መነሻ አያጣም። የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ በ2003 የመጀመሪያ ጨዋታቸውን በቡፋሎ 31 ለ 0 ተሸንፈው በመደበኛው ውድድር መጨረሻ ያንኑ ቡፋሎን 31 ለ 0 አሸነፉት፤ ሱፐር ቦውልንም ወሰዱ። የሲንሲናቲ ቤንግልስ በ2022 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈው ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀራቸው ደረሱ፤ በ2024 ግን ሦስቱን ተሸንፈው 9 ድል ቢያገኙም ከማጣሪያው ውጭ ቀሩ። እንግዲህ በሁለትና በሦስት መካከል ገደል አለ ማለት ነው። የክሊቭላንድን ነገር እንኳ አላነሣም፤ በ2017 ዐሥራ ስድስቱን ጨዋታ ሁሉ ከተሸነፉ በኋላ በ2018 የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከፒትስበርግ ጋር 21 እኩል ሲወጡ፣ የሥራ ባልደረባዬ እንደ ሠርግ ቤት ሲዘፍን አይቼዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማልወደው የደረጃ ድርደራውን ነው። አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ከ1936 ጀምሮ የጋዜጠኞችን ድምፅ እየሰበሰበ ዩኒቨርሲቲዎቹን በየሳምንቱ ይደረድራል፤ ከ1950 ወዲህ ደግሞ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይደረግ አስቀድሞ ይደረድራቸዋል። ሳይዘሩ መከሩን መስፈር ይህ ነው! በ2025 ቴክሳስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሩ በፊት አንደኛ ተባለ፤ ኦገስት 30 ቀን ወደ ኮሎምበስ መጥቶ 14 ለ 7 ተሸነፈ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ዳሩ ግን ያ ቡድን አንደኛ ነኝ ብሎ አልተናገረም፤ ሰዎች ሰቀሉት፣ ሰዎችም አወረዱት።

አሁን ወደ ተከራከርሁበት ነገር ልመለስ። እስከ 2013 ውድድር ድረስ ከመቶ በላይ ከሆኑት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለሻምፒዮናው የሚጋጠሙት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2014 አራት፣ በ2024 ደግሞ ዐሥራ ሁለት ሆኑ። በዚያው በ2024 ኖትር ዴም ከሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ በጋበዘው በኖርዘርን ኢሊኖይ 16 ለ 14 ተሸነፈ። የጥንቱ ሥርዐት ቢኖር ተስፋው በዚያ ቀን በተቀበረ ነበር። እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ጨዋታ ደርሶ በእኛው ኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 ተሸነፈ፤ ኦሃዮ ስቴትም ቢሆን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ የወደቀ ነበር።

እኒያ አዛውንት ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ቤታቸው ሄጄ አብረን እንመለከታለን። ይህን አዲስ ሥርዐት አይወዱትም። የመስከረም ቅዳሜ ውበቱ ፍርሃቱ ነበር፤ አሁን የወደቀ ሁሉ ስለሚነሣ ማንም አይፈራም ይላሉ። እኔም እንደ ተመልካች እውነታቸውን ነው እላለሁ፤ በአንድ ስሕተት ዓመት ሲጠፋ ማየት ልብ ያንቀጠቅጣል፤ የሰው ልብም መንቀጥቀጥ ይወዳል። ግን በዚያ የመጋዘን ሌሊት የቆመው ሰውዬ እኔ ነበርሁ። ለራሴ ዘጠና ቀን ለምኜ ለሌላው አንድ ቅዳሜ ብቻ ልፍቀድ? ሁለቱ አሳብ በውስጤ እስከ ዛሬ አልታረቁም።

ሌላም የከበደኝ ነገር አለ። ተማሪዎቹ ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ይከፍሏቸዋል። በመቶ ሺህ ሰው ፊት የሚቆም ልጅ የድካሙን ዋጋ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደመወዝ መቀበሉ ከታወቀ ወዲህ ተመልካቹ ርኅራኄውን አነሣ፤ «ተከፍሎት የለምን?» እያለ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሰድባል።

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ አላደርግም። በዚያ በቴክሳሱ ጨዋታ ቀን የእኛ ቡድን ወርዋሪ አዲስ ነበር፤ በጥንቃቄ ይጫወት ስለ ነበር ትዕግሥቴ አለቀና፣ «ይህ ልጅ አይሆንም!» ብዬ ጮኽሁ። ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ስንት ጨዋታ ተጫውቷል?» አለችኝ። «የመጀመሪያው ነው» አልሁ፤ ዐፈርሁም።

በዚያን ጊዜ በጠረጴዛው ላይ አንድ ቅጽ ተቀምጦ ነበር። በመጋዘኑ አዲስ ሠራተኞችን የማሠለጥን እኔ ስለ ሆንሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስለ እያንዳንዳቸው መሙላት ይገባኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ ወጣት በዚያ ሳምንት የበሮቹን ቍጥር አሳስቶ ነበር። «ለሥራው ይስማማልን?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት «ገና ነው» ብዬ ጻፍሁ። ማክሰኞ ቅጹ ተመለሰልኝ፤ ከ«አዎን» ወይም ከ«አይደለም» በቀር ሌላ መልስ አይሞላበትም የሚል ማስታወሻ ተያይዞበት ነበር።