ፀሐይ ባለበት አገር

የሕፃናት ሕክምና መምህራችን ስለ ሪኬትስ ሲያስተምሩን ወደ እኛ መለስ ብለው፣ «እናንተ አገር ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነውና ይህ በሽታ አይኖርም፤ አይደለም?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ኮራ ብለን «የለም» አልን።

ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ምዕራፉን ስናነብ የሜላንቢን ቡችሎች አገኘናቸው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሜላንቢ በ1919 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቡችሎችን ቤት ውስጥ አኑሮ በአብዛኛው እህል፣ በተለይም አጃ፣ አበላቸው። አልተራቡም፤ ግን እግራቸው ቆለመመ። የዓሣ ጉበት ዘይት ሲጨመርላቸው በሽታው አልያዛቸውም። ሜላንቢ መድኃኒቱ ቪታሚን ኤ መስሎት ነበር፤ በ1922 ማኮለም የተባለው አሜሪካዊ ዘይቱን አሙቆ፣ አየር እያስነፈሰበት ቪታሚን ኤን ካጠፋ በኋላም የታመሙ አይጦችን እንደሚያድን አሳየና አዲሱን ነገር ቪታሚን ዲ አለው።

ያለዚህ ቪታሚን አንጀት ከምግብ ካልሲየምና ፎስፎረስ በሚገባ አይወስድም። ሰውነትም የደሙን ካልሲየም ላለማጉደል ከአጥንት ይበደራል። በማደግ ላይ ያለው የአጥንት ጫፍ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል፤ ስለዚህ በሽታው የሚበረታው በታዳጊ ላይ ነው።

እኛን የነካን ግን ቡችሎቹ ቤት ውስጥ መዋላቸው ነው። ቆዳ ፀሐይ ካገኘ ቪታሚኑን ራሱ ይሠራል። በዚያው በ1919 በርሊን ውስጥ ሑልድሺንስኪ የታመሙ ልጆችን በመብራት ጨረር ብቻ አድኗል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሕፃን ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳይበላው እየተባለ በጋቢ ተጠቅልሎ ጓዳ ይውላል። ሁለት ዓመት ሞልቶት ያልሄደ የጎረቤት ልጅ ነበረ፤ «ቆልማማው» እያልን ስቀንበታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ በወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ዎቹ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ሳንባቸው ደኅና ከነበረው 500 ግን 20ው ብቻ።

እኅታችን በቅርቡ ወልዳለችና ደወልንላት። ልጁን ጠዋት ጠዋት ገላውን ገልጣ ፀሐይ ታሙቀው፤ ጠብታውንም ሐኪም በሚያዝላት ልክ ትስጠው አልን። (በግምት አይሰጥም፤ ሲበዛ የደም ካልሲየም ከፍ ብሎ ኩላሊት ይጎዳል።) እኅታችን እሺ ብላለች። እናታችን ግን ምች ቢመታው ማን ሊጠየቅ ነው እያለች ነው፤ ስልኩን እንድትቀበለን ለምነን እንቢ አለች። እሑድ እንደገና እንደውላለን። ለመምህራችንም «የለም» ያልነውን እስካሁን አላረምንላቸውም።