ጣት የማይረሳው ፊደል

የሥራ መሣሪያ ከባለሙያው ጋር ብዙ ዘመን ሲኖር የእጁን ጠባይ ይወርሳል። የአናጢው መጥረቢያ እጀታ በመዳፉ ልክ ይሟልጣል፤ የሸማኔው መወርወሪያ የጣቱን ወዝ ይይዛል። እጅም በበኩሉ የመሣሪያውን ጠባይ ይወርሳል። ይህን የተረዳሁት አንድ አሮጌ የኤሌክትሮኒክ ጽሕፈት መኪና ለመፍታት ካቻቢቴ ባነሳሁ ጊዜ ነው።

መኪናው የአክስቴ ነው። አክስቴ ከ1963 እስከ 1994 ዓ.ም. ለ31 ዓመታት በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገልግለዋል። የአማርኛውን ደብዳቤ በብረቱ መኪና፣ የእንግሊዝኛውን ደግሞ በ1979 ዓ.ም. በመጣው በኤሌክትሮኒኩ ይጽፉ ነበር። ኮምፒውተር ሲገባ አሮጌው ዕቃ ሁሉ ለጨረታ ቀረበ። የአማርኛው መኪና ለሌላ ተጫራች ሲደርስ አክስቴ ሁለተኛውን ገዝተው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ዳንቴል ለብሶ በመስኮቱ ሥር ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት እጃቸው ብዕር ሲይዝ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባሕር ማዶ ለምትኖረው ልጃቸው በየወሩ ይልኩት የነበረው ደብዳቤም ቀረ። «በስልክ የምንነጋገረው ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ነው፤ ቁም ነገር የሚጻፍ ነው» ይሉ ነበር። ኮምፒውተር ብናቀርብላቸው «ለ»ን ለማግኘት በላቲን ፊደል መዞሩ ውርደት ሆነባቸው። «የራሴን ፊደል በሰው ፊደል ልለምን?» አሉና ተዉት።

አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ ጣቶቻቸው በጠረጴዛው ላይ ሲመላለሱ አየሁ። ሰው የሚናገረውን እየሰሙ በባዶው ጠረጴዛ ላይ ይጽፉ ነበር። ብዕር የያዘውን ያህልም አልተንቀጠቀጡም። ፊደሉ ከእጃቸው አልወጣም፤ የጎደለው የሚያርፍበት ነበር። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው።

ይሁን እንጂ ሐሳቡን ለመናገር አንድ ወር ፈጀብኝ። መኪናው ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ወረቀት ላይ አይጽፍም። ካልተሳካልኝ ደግሞ የ31 ዓመት ማስታወሻ ለቆራሌ የሚሰጥ ትርፍራፊ ይሆናል። በመጨረሻ ስነግራቸው ዳንቴሉን በእጃቸው አነሱና «ልጄ፣ ይህ ዕቃ መኪና ነበር እንጂ ሐውልት አልነበረም» አሉኝ።

የፊዚክስ መምህር በመሆኔ የውስጡ አሠራር እንግዳ አልሆነብኝም። የእኔ መኪና 64 ቁልፎች አሉት፤ ከቁልፎቹ ወደ አንጎሉ የሚሄዱት ሽቦዎች ግን 16 ብቻ ናቸው። ምሥጢሩ 8 አግድምና 8 ቋሚ መስመሮች መረብ ሠርተው መገናኘታቸው ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲረገጥ አንዱን አግድም ከአንዱ ቋሚ ያገናኛል። አንጎሉ አግድሞቹን በተራ እየቀሰቀሰ፣ የትኛው ቋሚ እንደ መለሰለት በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ይጠይቃል። የድሮውን አንጎል ነቅዬ በምትኩ አርዱዊኖ የሚባለውን ትንሽ ሰሌዳ በየድሁበት። ኦሊቬቲ የተባለው የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1908 የተቋቋመው በኢጣልያ ከተማ በኢቭሪያ ነው፤ አርዱዊኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የተወለደው በዚያችው ከተማ ነው። አሮጌው ሙያና አዲሱ በአንድ ቀዬ መገናኘታቸው ደስ አሰኘኝ።

ከባዱ ሥራ ፊደሉ ነበር። ፊደላችን 33 ዘሮች በ7 ስልት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሸከም የቁልፍ ገበታ የለም። የአማርኛውን ጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳው ከኢንጂነር አያና ብሩ ጀምሮ የተገኘው መፍትሔ ፊደሉን ግንድና ቅጥያ አድርጎ መክፈል ነው። «በ»ን መትቶ ጭረት ሲጨምሩበት «ቡ» ወይም «ቢ» ይሆናል። የታይፒስቱ ሙያ እንግዲህ ፊደልን ማግኘት ብቻ አልነበረም፤ በእያንዳንዱ ምት ፊደልን መገጣጠም ነበር።

አክስቴን «‹ለ› የት ነበረች?» ብዬ ስጠይቅ ተሳሳቱ። በቃል የነገሩኝ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ለክቡር» ብለው እንዲጽፉ ለመንኳቸው፤ ጣቶቻቸው ሳያመነቱ ሄዱ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቃል እየሰጠሁ፣ ጣት የሚያርፍበትን እየመዘገብሁ የገበታውን ካርታ ሠራሁ። ግንዱና ቅጥያው ሲመቱ ኮምፒውተሩ ሙሉውን ፊደል እንዲያወጣ አሰናዳሁት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቁጥር አለው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። አክስቴ ሲፈጥኑ ያልነካቸው ፊደል ብቅ ይላል። «የማን እጅ ነው የሚጨምርብኝ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በመረቡ ላይ የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ጊዜ ሲረገጡ አራተኛውም የተረገጠ ይመስላል፤ እኔ በሁለት ጣት የምጽፍ ሰው ይህን አላሰብሁትም። ጥርጣሬ ሲነሳ አንደኛው ቁልፍ እስኪለቀቅ ሰሌዳው እንዲታገሥ አድርጌ አረምሁት።

በማግሥቱ ተቀመጡ። ትከሻቸው ወደ ኋላ ተመለሰ፤ አንገታቸው ቀና አለ። እንደ ድሮው ጣታቸውን ሳይሆን ጽሑፉን እያዩ መቱ። አንድ ገጽ ሲሞላ ቆም ብለው «ድምፁ ግን የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መኪናው ዛሬ ፊደሉን በወረቀት ላይ አይመታም። ያጠፋሁት ነገር አለና ልክደው አልፈልግም። ፊደላት እንደ አበባ ቅጠል የተደረደሩበት የማተሚያው መንኮራኩር በመሳቢያዬ አለ፤ ሞተሩ ደግሞ በክፍሌ ተማሪዎች ፊት እየዞረ ያስተምራል።

በዚያ ቀን ምን እንደ ጻፉ አልጠየቅሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ደውላ፣ የአባቷን የመጨረሻ ቀናት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቷ እንዳነበበች ነገረችኝ። በስልክ ያልተነገረው ቁም ነገር ይህ ኖሯል። ዳንቴሉ ዛሬ ከገበታው በታች ተነጥፏል፤ መኪናውም ወደ ሥራው ተመልሷል።