የእንግዳ ሐቅ

ታጁራ ከጅቡቲ ከተማ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለች፣ በመስጊዶቿ የታወቀች ጸጥተኛ የአፋሮች ከተማ ናት። ቦርሳዬን በጀርባዬ አዝዬ በጀልባ ተሻገርኩና በባሕሩ ዳር ካለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አደርኩ። ባለቤቱ አዛውንት አፋር ውሃ አጠጥተውኝ፣ ስለ ሒሳብ ሳያነሱ በዐረብኛ «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» አሉኝ። ይህ «ዳጉ» ይባላል፤ አፋሮች ሲገናኙ ተቀምጠው ወሬ የሚለዋወጡበት ልማድ ነው። በዳጉ ሐሰት መጨመር በእጅጉ ያስነውራል።

እናቴ ወደ አኼራ ከሄደች ወር አልሞላትም ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «ሶብር አድርግ» ብሎኛል፤ እንዴት እንደሞተች እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ያደመጡኝ ግን እኚህ ሰው ናቸው። ሻያቸው ቀዘቀዘ፤ አላቋረጡኝም።

ውድ አንባቢ ሆይ! የእንግዳ ሐቅ በምግብና በመኝታ ብቻ አይወጣም። ደጅህን ለሚያንኳኳ መንገደኛ ጆሮህንም ስጠው። የእኚያን አዛውንት ምንዳ አላህ ይክፈላቸው።