ማን አባሮህ ነው?

ራያ ቆላ ውስጥ ሰው የሚሮጠው በምክንያት ነው። ጥጃ ጠፍቶበት ይሆናል፤ መርዶ ሰምቶ ይሆናል፤ ወልዲያ የሚሄደው መኪና ሊያመልጠው ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ይመጣል፤ ጎርፍ። በምዕራብ በኩል ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል፣ የሆርማትና የጎሊና ወንዞች ድንገት ይሞላሉ። ሌላ አገር ሰው ጎርፍ ሲመጣ ይሸሻል። የእኛ ገበሬ ግን አካፋውን ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል፤ ውሃውን በጊዜ ጠልፎ ማሳው ካላስገባው ማሽላው የሚጠጣው የለማ! በእኩለ ሌሊት ሽርጡን ሰብስቦ በጭቃ ላይ የሚበረውን ሰው አይታችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሩጫ የሚጻፈው ሁሉ ለምን ከአርሲ እንደሚጀምር ትጠይቁ ነበር።

እንግዲህ እኔ በዚህ አገር ነው ማለዳ ቁምጣ ለብሼ፣ ምንም ሳይጠፋኝ፣ በማሽላ ማሳ መሀል ሶምሶማ የምሮጠው። ዕድሜዬ ሜዳሊያ የሚያሳስብ አይደለም፤ ቦርጭ የሚያሳስብ ነው። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ሳትል ወጥቶ መመለስ ግድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቆላው ቆላ መሆኑን ያሳያል። አንድ ማለዳ ከብት ወደ ውሃ የሚነዱ አዛውንት መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል?»

«ደህና ነኝ አባባ። እንዴት አደሩ?»

«አልሐምዱሊላህ። ማን አባሮህ ነው?»

«ማንም።»

«ምን ጠፋህ?»

«ምንም።»

ዱላቸውን ተደግፈው ከጫማዬ እስከ አናቴ ቃኙኝ። «እንግዲያው ሐኪም ዘንድ ሂድ።»

«ሩጥ ያለኝ እኮ ሐኪሙ ነው።»

«እሱንም ይዘኸው ሂድ!»

ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «የገጠር ሰው ስፖርት አይገባውም» ይላል። እኔ ግን ጥያቄው የባለ አእምሮ ጥያቄ ነው እላለሁ። በተለይ ቆቦ ላይ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ኋላም በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ እዚህ ሰው ሮጧል፤ ልጅ አዝሎ፣ አሮጊት ደግፎ፣ ቤቱን ሳይቆልፍ። ያንን ያየ ሰው በጎህ ከኋላው የሚመጣ የሩጫ ኮቴ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሰው ሳልደርስበት ከሩቅ ጮክ ብዬ «እንዴት አደራችሁ!» እላለሁ፤ ሲመሽ ፈጽሞ አልሮጥም። እግሬ ደህና ሆኖ ጫማዬ ከአልጋ ሥር የማይወጣባቸው ሳምንታትም አሉ። የሚገባው ይገባዋል።

ደግሞ ጥያቄው የራያ ብቻ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ሴናተር በገዛ ግዛቱ ሶምሶማ ሲሮጥ ፖሊስ አስቁሞ ጠይቆታል። ያኔ አሜሪካም ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሮጥ ጎልማሳ አጠራጣሪ ሰው ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነው የአዛውንቱን ጥያቄ ዘወር አድርጌ ራሴን መጠየቅ የጀመርኩት። ማንም ሳያባርር መሮጥን ማን ጀመረው? እኔ ዘንድስ በየት በኩል ዞሮ መጣ?

ሀረጉን ስመዘው ኒውዚላንድ ወሰደኝ። ኦክላንድ ከተማ ውስጥ አርተር ሊዲያርድ የሚባል የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ለሰፈሩ ልጆች አሠልጣኝ ሆኖ ሁለቱን ሮም ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ አሸለማቸው፤ ፒተር ስኔልን በ800፣ መሪ ሃልበርግን በ5,000 ሜትር። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው ልቤን የነካው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ማራቶኑን ሲያሸንፍ፣ ሦስተኛ ሆኖ የገባው ባሪ ማጊ የዚሁ የሊዲያርድ ሠልጣኝ ነበር። አበበን ያሠለጠነው ደግሞ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። የእኔ የማለዳ ሩጫ አባቶች በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በችቦ ብርሃን ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም ወደየአገሩ ተመለሰ።

ሊዲያርድ ቤቱ ሲገባ ቦርጫቸው የወጣ፣ ልባቸው የደከመ ጎልማሶችን ሰብስቦ ቀስ እያሉ እንዲሮጡ አደረገ። ቢል ቦወርማን የሚባል አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1962 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሊጠይቀው ሄዶ አብሯቸው ወጣ። ሦስት ጊዜ የልብ ድካም የመታው፣ ዕድሜው ከ70 ያለፈ ሽማግሌ ጥሎት ሄደ። ቦወርማን አፍሮም ቀንቶም አገሩ ተመለሰና በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሶምሶማ መጽሐፍ አወጣ፤ አሜሪካ መሮጥ ጀመረች። ይኸው ሰው በኋላ ናይኪ የተባለውን የጫማ ኩባንያ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ሕዝቡን ሩጡ ብሎ ጫማውን መሸጥ፤ ነጋዴ ማለት ይህ ነው! የእኔን ጫማ ግን ከእሱ አልገዛሁም። ከሰልባጅ ተራ ነው የገዛሁት፤ ከእኔ በፊት የሮጠበት ሰው ወደ ቀኝ ያጋድል እንደነበር ሶሉ ይመሰክራል።

እኛስ? እነሱ ከሮም ተመልሰው ሯጭ ሲያበዙ እኛ ጀግና አበዛን። ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ… ሩጫ የሚሮጠው ሯጭ ነው፤ ሌላው ቁጭ ብሎ በሬዲዮ ያለቅሳል። ጀግናውም ከደጋ ነው የሚመጣው። የአርሲዋ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች፤ ቆቦ 1,500 እንኳ አትሞላም። አየሩ ሳንባ የሚያሰፋ ሳይሆን ላብ የሚያፈስ ነው። ቆቦ ላይ ሯጭ ይወጣል ብሎ የጠበቀ የለም፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም።

ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሣው ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር 10,000 ሰው አዲስ አበባ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ እየበዛ ሄደ። የሩጫው ቲሸርት ከአዲስ አበባ ወጥቶ በየገጠሩ ተበትኗል፤ እሱን ለብሶ ሲያርስ ያየሁት ገበሬ አለ። እኔም በዚያ ቲሸርት በኩል ነው የተጠመቅሁት። የአጎቴ ልጅ ሮጦ የመጣበትን ሰጠኝና ለብሶ መቀመጥ አሳፈረኝ።

ግን ያንን የመጀመሪያ ሩጫ ራሱ ኃይሌ ሲያሸንፍ ምን ላይ እንደነበረ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በ2000 እ.ኤ.አ. ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ የተረከዙን ጅማት ቀዶ ጥገና ተደርጎ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር፣ ከዚያ በፊት አንድም ውድድር ሳያደርግ ኤድመንተን ሄዶ በ10,000 ሜትር ነሐስ አመጣ። አዲስ አበባ ላይ አሥር ሺህ ሰው ያስከተለው ከሕመም የተመለሰ ተረከዝ ነው።

የእኔም በዚያው ቦታ ታመመ።

አመጣጡ ድንገት አይደለም። ማለዳ ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ከተረከዜ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ይነክሰኛል፤ ወደ ሽንት ቤት እያነከስኩ ደርሼ ስመለስ ይተወኛል። ስሮጥ መጀመሪያ ያምመኛል፣ ከዚያ ይሞቅና ይጠፋል፤ በማግሥቱ ወለዱን ጨምሮ ይመጣል። በሁለት ጣቶቼ ቆንጥጬ ስይዘው ከግራው የቀኙ ወፍሯል፤ ቁርጭምጭሚቴን ሳንቀሳቅስ ውስጡ እንደ አሸዋ ይንቋቋል።

ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው በአካባቢው የተከበረ ነው፤ በዱላ የተሰበረ፣ ከግመል የወደቀ፣ በባጃጅ የተገለበጠ ሁሉ የሚያልፈው በእጁ ነው። እግሬን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ለጋ ቅቤ እያስነካ በአውራ ጣቱ ጅማቱን ከታች ወደ ላይ ሰነጠቀው። ጮኽኩ። «አብሽር፣ አብሽር» አለኝ፤ ሳይለቀኝ። ጅማቱ ዞሯል፣ አርባ ቀን እንዳትሮጥ ብሎ ሸኘኝ። ወለምታና ውልቃት ከሆነ ዛሬም ከእሱ ሌላ ሰው አልመርጥም። የእኔ ግን የዞረ ጅማት አልነበረም፤ የተጫነበትን ያህል ያልጠነከረ ጅማት ነው። የእንዲህ ያለው ጅማት የውስጥ ክሮች ሥርዓታቸውን ይስታሉ፤ ዕረፍት ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ክሩን መልሶ አይፈትለውም። አርባ ቀን ተኝቶ የተነሣ ጅማት ከመተኛቱ በፊት ከነበረው ደካማ ነው።

በረዶ ያዝ የሚሉም ነበሩ። ቆቦ ላይ፣ መብራት በሄደበት፣ በሚያዝያ ሙቀት፣ በረዶ! የዚህንም ሀረግ መዘዝኩት። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰሪያ፣ እግር ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር ያስፋፋው ጌብ ሚርኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1978 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ራሱ ሐኪሙ በረዶው ፈውሱን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ከምክሩ አፈገፈገ። መብራት ኃይል ሳያውቀው ጠቅሞኛል።

መድኃኒቱ የመጣው እንደገና ከስዊድን ነው። ሐካን አልፍሬድሰን የሚባል የአጥንት ሐኪም፣ እሱም ሯጭ፣ እሱም ተረከዙን የታመመ። እንደሚነገረው ቀዶ ጥገና ይደረግልኝ ቢል አለቃው ለዚህች ሕመም ብሎ እምቢ አለው። ጅማቱ ከተበጠሰ ግን መሰፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ሊበጥሰው ቆረጠና ክብደት ተሸክሞ ተረከዙን እየደጋገመ ወደ ታች መጫን ያዘ። ጅማቱ ሳይበጠስ ዳነ። በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ እንቅስቃሴ እንደ እኔ ለጤናቸው በሚሮጡ 15 ታማሚዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ፤ በ12 ሳምንት ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ልክ እንደ ስግደት በቁጥር ነው፤ ጉልበት ዘርግቶ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት አጥፎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ በቀን 180።

ክሊኒክም ጂምናዚየምም አያስፈልገውም፤ የቤቴ የሲሚንቶ ደረጃ ይበቃል። በእግሬ ጣቶች ዳሩ ላይ እቆማለሁ፤ የበሩን መቃን እይዛለሁ፤ በደኅናው እግሬ ከፍ ብዬ ክብደቴን ወደ ታማሚው አዞራለሁ፤ ተረከዜ ከደረጃው በታች እስኪወርድ ቀስ፣ ቀስ። ባቴ ይንቀጠቀጣል። ሲቀል በከረጢት ማሽላ ቋጥሬ በጀርባዬ አዘልኩ፤ ከማሽላችን ሌላ ክብደት ከየት ይመጣል? ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዚያው ከስዊድን፣ ከጎተንበርግ፣ ሌላ ጥናት ወጥቷል፤ ሕመሙን ከአሥር ስጠው፣ እስከ አምስት ከሆነና በማግሥቱ ማለዳ ካልባሰ ሩጥ ይላል። ይህን ሳነብ የስዊድን ንጉሥ የጻፈልኝ ያህል ደስ አለኝ።

የተመለስኩት ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ ጠባቂዎች ማማ ላይ በወጡበት ወቅት ነው። ወፍ ጠባቂ ልጅ ከጎህ ጀምሮ ይጮኻል፤ ጅራፉን ያጮኻል፤ ወንጭፉን ያሽከረክራል። ድንጋዩ አናቴ ላይ ፉጨት አሰምቶ ሲያልፍ የልብ ምቴ ከየትኛውም ልምምድ በላይ ይወጣል። ፈረንጅ ፋርትሌክ የሚለው፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎስታ ሆልሜር ያወጣው ፍጥነትን እያቀያየሩ የመሮጥ ዘዴ (እሱም ስዊድናዊ ነው፤ ምን ላድርግ?) እኔ ዘንድ ከማማ እስከ ማማ ነው። ሩጫዬን ስጨርስ አንዱ ልጅ ጥንቅሽ ሰብሮ ይሰጠኛል። ቅርፊቱን በጥርሴ ልጬ፣ ጭማቂውን መጥጬ፣ ዘና እላለሁ። የውጭ አገር ሯጮች በላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ሙጫ በዶላር ይገዛሉ አሉ።

ግድግዳ የምንጋራቸው እናት ይህን ሁሉ ሲያዩ ከርመዋል። መጀመሪያ የማርያም ስግደት መስሏቸው ነበር። እሳቸውም ምጣድ ላይ ሲቆሙ ተረከዛቸውን ይጠዘጥዛቸው ስለነበር አንድ ማታ አሳየኝ አሉና አሳየኋቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው ደረጃው ላይ ወጡ። ረድቷቸዋል። በቀደም ለቡና ጠሩኝ። ከሮቢት የመጣች እንግዳ ነበረቻቸው፤ እሷም እግሯን ያማት ኖሯል። እሳቸው ጀበናውን ትተው ተነሥተው እያሳዩአት ነው።

«ይሄ እኮ የጥንት ነው» ይሏታል። «እናቶቻችን እንስራ አዝለው ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያደርጉት ነው። እናቴ ናት ያስተማረችኝ።» ዞር ብለው አዩኝ። «መምህር፣ ንገራት እንጂ!»

ሲኒዬን አነሣሁ።

«አዎ» አልኳት፤ «የቆየ ነው።»