ሽፋኑ ስር ያለችው ቀዳዳ



ይህን የምንጽፈው በእጃችሁ ሠርታችሁ ሐላል ሪዝቅ ለምትፈልጉ ነው። ታሪኩ የሌላ ሰው አይደለም፤ ያጠፋነው እኛው ነን።

ደሴ ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን በርና መስኮት የምንበይድባት ጠባብ ቤት አለችን። መሣሪያችን አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ግራይንደር፣ አንድ የእጅ ድሪል፣ ሞርሳና ጥቂት ሞረድ ነው። በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ ስለሚበዛ አልፎ አልፎ የቼይንሶው ሥራም ይመጣል። አብዛኛው ሰንሰለት መሳል ነው። አንዳንዱ ሰው ግን ባሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅሙን ጠፍጣፋ ብረት ይዞ ይመጣና «ለኔ ማሽን አስተካክሉልኝ» ይላል። የራሱ ባር ገበያ ላይ ሲጠፋ የሌላ ማሽን ይገዛል፤ የኋላው አገጣጠም ግን አይመሳሰልም። በትላልቆቹ የስቲል ማሽኖች ባሩ በቡሎኖቹ ላይ የሚቀመጥበት ክፍተት 12 ሚሊሜትር ነው፤ በትላልቆቹ ሁስክቫርናዎች ደግሞ 9 ሚሊሜትር። ያቺን 3 ሚሊሜትር ለማስፋት ነው ወደ እኛ የሚመጣው።

ክረምቱ እንደወጣ ከኩታበር በኩል አንድ አባት እንዲህ ያለ ባር ይዘው መጡ። ማሽናቸው ስቲል ነው፣ ባሩ የሁስክቫርና። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ሠርተን ስለነበር «ችግር የለም አባቴ፣ ነገ ይውሰዱት» አልናቸው።

የባር ብረት ጠንካራ ነው፤ የተለመደው የድሪል ጫፍ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። ሁለት ጫፍ አቃጠልን። ከዚያ የባሩን ጭራ በብየዳ ኤሌክትሮድ አግለን ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተውነው፤ ለሰለሰ። ክፍተቱን በግራይንደር ከፍተን በሞረድ ጨረስን። ግራና ቀኙ እኩል ወጥቶ ስናየው ኮራን፣ እውነቱን ለመናገር።

የቀረችው የቅባት ቀዳዳዋ ነበረች። የማሽኑ ፓምፕ ቅባቱን በጎኑ በኩል ይገፋል፤ ባሩ ጭራ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ተቀብላ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት ቦይ ታስገባዋለች። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልተገናኙ ቅባቱ በጎን ይፈስሳል፣ ሰንሰለቱ ደረቁን ይዞራል። እኛ በዓይን ለክተን በሳን። መግሪብ ደርሶ ነበር፣ ቸኩለናል። መሞከሪያው እኮ ቀላል ነው፤ የባሩን አፍንጫ ወደ ንጹሕ ካርቶን አስጠግቶ ጋዝ መስጠት ብቻ። የቅባት መስመር ካርቶኑ ላይ ከታየ ደርሷል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አላደረግነውም። ሽፋኑን መልሰን ዳዶዎቹን አሰርን። በማግስቱ ከፍለውን፣ ዱዓ አድርገውልን ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ቀኝ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ባሩ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሆኗል፤ ብረት የሚሠራ ሰው ያ ቀለም ምን እንደሆነ ያውቃል። ሰንሰለቱ ያለ ቅባት ሲሠራ ግሎ፣ ተለጥጦ፣ ላልቶ ከቦዩ ወጥቷል። የተገነጠለ ወይም የወጣ ሰንሰለት ወደ ኋላ ነው የሚገረፈው። ማሽኑ ላይ ለዚሁ የተሠራችው መያዣና የኋላ እጀታው ስፋት ባይመክቱት ኖሮ፣ አላህ ጠበቃቸው እንጂ፣ ጣቶቻቸውን ባጡ ነበር። የተሰፋው የእጃቸው ጀርባ ነው።

እኛስ ምን አልን? ገና ማሽኑን ሳንፈታ «ላልቶ እያለ ሠርተውበት ይሆናል» አልናቸው። አባትየው አልተቆጡም። «ይሆናል ልጆቼ» ብለው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

ቢሰድቡን ይቀለን ነበር።

ዙህር ሰግደን ስንመለስ ቀዳዳዋን የበሳው ወንድማችን ማንንም ሳያማክር ሽፋኑን ፈታው። ቀጭን ሽቦ በባሩ ቀዳዳ አስገባ፤ ሽቦው የማሽኑን ግድግዳ መትቶ ቆመ። ከግማሽ በላይ ስተናል። ሽቦውን ለአባትየው ሰጥቶ «ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ቅድም የተናገርነውም ሐሰት ነው» አላቸው።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ጣታቸው እርጥብ ያገኘውን ሐዲሥ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሻጩ ዝናብ መታው አለ፤ እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ጠየቁት። ስንሰማው ስለ ነጋዴ ብቻ ይመስለን ነበር። ያ ሰው እኮ ቢያንስ ዝናብ ነበረው። የእኛን እርጥብ ያመጣው የራሳችን እጅ ነው፣ የሸፈንነውም ራሳችን።

ኡስታዛችንን ስንጠይቃቸው ስለ ዶማን ነገሩን፤ የእጅ ባለሙያ በቸልተኝነት ላበላሸው ነገር ተጠያቂ ነው። ባሩንና ሰንሰለቱን ተካን። የሕክምናውንና ሥራ የፈቱበትን ቀን ስንጠይቃቸው አውፍ አሉን። እኛ ግን አውፍታውን የተቀበልነው አንገታችንን ደፍተን ነው።

አሁንም ባር እናስተካክላለን። የቅባቷን ቀዳዳ በዓይን አንለካም፤ የማሽኑ ጎን ላይ ቀለም ቀብተን ባሩን ገጥመን እናነሳለን፣ ምልክቱ ያረፈበትን እንበሳለን። ቦዩ ውስጥ የገባውን የብረት ብናኝ እናጸዳለን። ካርቶን ላይ ሳንሞክር አናስረክብም። የተሰነጠቀ ባር አንበይድም፣ አፍንጫውንም አንነካም፤ ማሽን ወደ ሰው ፊት የሚዘለው በአፍንጫው የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ ነው። ለ1.6 ሚሊሜትር የተሠራን ቦይ በመዶሻ ቀጥቅጦ ለ1.3 ሰንሰለት ማጥበብም አለ። የሚሠሩት አሉ፣ እኛ እንቢ እንላለን።

አንድ ነገር ጨምረናል። ያስተካከልነው ባር ጭራው ላይ በሽፋኑ በማይደበቅበት ቦታ ሦስት ነጥብ እንመታለን፤ ለባለቤቱም ይህ ባር ተቀይሯል፣ የፋብሪካ አይደለም ብለን እንነግረዋለን። በዚህ የተነሳ ጥሎን የሄደ ደንበኛ አለ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የእኛኑ ሥራ ይዞ መጥቶ «ልሸጠው ነው፣ ነጥቦቹን በግራይንደር አጥፉልኝ» አለን። አናደርገውም አልነው። ሻይ ጠጣ ብንለውም አልጠጣም፤ ባሩን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ወደ ታችኛው ጋራዥ ወረደ።