ወንድምና ባላንጣ በአንድ ቃል

የዘር ሐረግን መቁጠር በራሱ ነውር አይደለም። ሰው አባቱን፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን ማወቁ ዝምድናውን እንዲቀጥል ይረዳዋል፤ ማን ማሕረሙ፣ ማን ወራሹ እንደሆነም ይለይበታል። አላህ (ሱ.ወ.) የሰውን ልጅ በሕዝብና በጎሳ ያደረገው እንዲተዋወቅ መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን አድገናል። ነገር ግን ጎሳ ከመተዋወቂያነት አልፎ የሥልጣን መሰላል ሲሆን በገዛ ቤተሰቡ ላይ ምን ያመጣል? ለዚህ ጥያቄ የአፍጋኒስታኑን የባረክዛይ ጎሳ ያህል ግልጽ መልስ የሰጠኝ ታሪክ የለም።

ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ አንድ ቃል ነው። ጂዳ በምሠራበት ዘመን አንድ የቀንደሃር ሰው ባልደረባዬ ነበር። አባቶቹን ሲቆጥር ሰምቼ ‹‹በኛም አገር ሰባት ቤት ይቆጠራል›› ብለው ደስ አለው። ቀጥሎ ግን በፓሽቶ ቋንቋ የአባት ወንድም ልጅ ‹‹ተርቡር›› እንደሚባል፣ ይኸው ቃል ባላንጣ ማለትም እንደሆነ ነገረኝ። የአንድ አያት መሬት የሚካፈሉት የአጎት ልጆች ናቸውና ጠቡም የሚነሳው በእነሱ መካከል ነው አለኝ። የባረክዛዮችን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ቃል ፊቴ ይደቀናል።

ባረክዛዮች ቀድሞ አብዳሊ፣ ኋላ ዱራኒ የተባለው የፓሽቱን ነገድ ቅርንጫፍ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1747 የፋርሱ ንጉሥ ናዲር ሻህ ሲገደል የአብዳሊ አለቆች ንጉሥ ለመምረጥ በቀንደሃር አካባቢ ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ብርቱ ወገን የነበረው የባረክዛዩ ሐጂ ጀማል ኻን ነበር። የተመረጠው ግን ከፖፓልዛይ ጎሳ፣ ከሳዶዛይ ቤት የተወለደው ወጣቱ አሕመድ ሻህ ሆነ። እንደሚተረከው ሐጂ ጀማል ‹‹ይገባኛል›› ማለቱን ትቶ ለወጣቱ ቦታ ለቀቀለት። ሳዶዛዮች ነገሡ፤ ባረክዛዮች መካሪና የጦር አለቃ ሆኑ። ከኾራሳን እስከ ፑንጃብ የተዘረጋው መንግሥት በዚህ ስምምነት ላይ ቆመ።

ልጆቻቸው ግን ያን ትዕግሥት አልወረሱም። የአሕመድ ሻህ የልጅ ልጅ ዘማን ሻህ በ1799 የሐጂ ጀማልን ልጅ ፓይንዳ ኻንን አስገደለ። የፓይንዳ ኻን ልጅ ፈተሕ ኻን የዘማንን ወንድም ማሕሙድን ደግፎ ዘማንን ከዙፋን አወረደው፤ የዘማንም ዐይን እንዲጠፋ ተደረገ። በ1818 ተራው የራሱ የፈተሕ ኻን ሆነ። እርሱ ባነገሠው ንጉሥ ቤት ዐይኑ ጠፍቶ ኋላ ተገደለ። ወንድሞቹ ለደሙ ተነሥተው አገሩን ተከፋፈሉት። ከእነርሱም መካከል በ1826 ካቡልን የያዘው ዶስት ሙሐመድ ኻን ነው። እናቱ ፓሽቱን ሳትሆን የቅዝልባሽ ወገን ነበረች፤ በጎሳ ሚዛን ዝቅ ተደርጎ ይታይ የነበረው ልጅ ወንድሞቹን ሁሉ በለጠ።

በ1834 የሲኮቹ ገዥ ራንጂት ሲንግ ፔሻዋርን ወሰደ። ዶስት ሙሐመድ ሊያስመልሳት ሲዘምት የገዛ ወንድሙ ሱልጣን ሙሐመድ ኻን ወደ ጠላት ሰፈር ዞረ፤ ከተማይቱም ቀረች። በ1839 እንግሊዞች ሲገቡ ደግሞ በስደት የነበረውን ሳዶዛይ ሻህ ሹጃን ይዘው መጡ። ውድ አንባብያን! የውጭ ጦር ሁለት ወንድማማች ቤቶች የተጣሉበትን በር አገኘ ማለት ነው። በጥር 1842 ከካቡል ያፈገፈገው 16,000 ያህል ወታደርና ተከታይ በመንገድ አለቀ፤ ዶስት ሙሐመድም በ1843 ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። በ1863 ሲሞት ግን ልጆቹ እርስ በርስ አምስት ዓመት ያህል ተዋጉ።

ይህ ቤት ለአገሩ የሠራው በጎ ነገርም አለ። አማኑላህ በ1919 ከእንግሊዝ ሙሉ ነጻነት አስገኘ። ዛሂር ሻህ ከ1933 እስከ 1973 አርባ ዓመት ሲገዛ አገሩ ከቀደመውም ከኋለኛውም ዘመን ይልቅ ሰላም ነበረው። ይሁን እንጂ አማኑላህ በ1929 ከወደቀ በኋላ በመጨረሻ ዙፋኑን የያዘው የዚያ የሱልጣን ሙሐመድ ዘር የሆነው ናዲር ሻህ ነው፤ አማኑላህም በስደት ሞተ። የናዲርን ልጅ ዛሂርን በ1973 የገለበጠውስ ማን ነበር? ዳውድ ኻን፣ የአባቱ ወንድም ልጅ! ቃሉ በሁለቱም ትርጉሙ ተፈጸመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ዳውድም ከብዙ ቤተሰቡ ጋር ተገደለ፤ የባረክዛዮችም አገዛዝ በዚያው አበቃ።

ዛሂር ሻህ በ2002 በስተርጅና ወደ ካቡል ሲመለስ ዙፋን የሚመኙለት ብዙዎች ነበሩ። እርሱ ግን በታላቁ የአገር ጉባኤ ዋዜማ ንግሥናን እንደማይሻ አስታወቀ፤ በ2007 እስኪሞትም ድረስ ‹‹የአገር አባት›› ተብሎ ተከበረ። ሐጂ ጀማል ቦታ ከለቀቀ 255 ዓመት ሆኖት ነበር። እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች ሳስተያይ፣ ለዚህ ጎሳ ክብር ያተረፈለት ከያዘው ይልቅ የተወው ነገር ይመስለኛል።

እኛ የምንጣላበት ዙፋን የለንም። ነገር ግን ከአያት የቀረ ቤት፣ በሽርክና የቆመ ሱቅ፣ ወይም ቁራሽ መሬት አለን። አላህ የውርስን ድርሻ ለይቶ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው፤ የእህት ድርሻ ሳይዘነጋ፣ አባት እንደሞተ ሳይዘገይ ቢከፈል ስንት ቂም በቀረ! ልጆቻችንን ሰባት ቤት ስናስቆጥር የአጎቶቻቸውን ልጆችም በስም ያውቁ ዘንድ፣ ለዒድ ይዘያየሩ ዘንድ እናድርግ። በኛ ቋንቋ የአጎት ልጅ ‹‹ወንድሜ›› ይባላል። ይህ ቃል ሁለተኛ ትርጉም እንዳያወጣ መጠበቅ የየቤቱ ሥራ ነው።

አላህ ዝምድናን ከሚቀጥሉት ያድርገን። አሚን።