የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

በካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ጠዋት ጠዋት የተቆላ ቡና የሚሸት አንድ ግቢ አለ። የግቢው ባለቤት አነስተኛ ምግብ ቤት የምታስተዳድር ኢትዮጵያዊት ናት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወላጅ እናቷ ከጎንደር መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። እናት የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ ጉልበታቸውም ከደጅ ብዙ አያርቃቸውም። ስለዚህ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ለእርሳቸው ጎረቤትም፣ ዜና ነጋሪም፣ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያንም ነበር። ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያ ቴሌቪዥን ድምፁን ብቻ አስቀርቶ ምስሉን አጠፋ።

ዕቃው ብዙ አገልግሏል። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2015 የአናሎግ ሥርጭትን በካምፓላ ዘግታ ወደ ዲጂታል ስትሸጋገር እንኳን ተጨማሪ ሣጥን ተገዝቶለት ቆይቷል። አሁን ግን ጠጋኙ ከፈተው፣ አየው፣ መልሶም ዘጋው። የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አያንስም አለ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር፣ በ1957 ዓ.ም.፣ ልጃገረድ የነበሩት እናት ነገሩን ሲሰሙ፣ «ተይው ልጄ፣ ሬዲዮም ይበቃኛል» አሉ። ልጅ ግን እንደማይበቃቸው ታውቃለች።

ቅዳሜ ዕለት ከእህቷ ልጅ ጋር ወደ መሀል ከተማ ወረደች። ወጣቱ ዘመናዊ ዕቃ ያውቃል፤ መጀመሪያ ዓይኑን የሳበው ባለ «4ኬ» ነበር። ነገር ግን ከእናት ወንበር እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ያህል ነው። በዚያ ርቀት ላይ በ43 ኢንች ስክሪን የ4ኬን ጥራት ከተለመደው ሙሉ ኤች ዲ ለመለየት የወጣት ዓይን እንኳን ይቸገራል። ለእናት የሚበጀው ጎላ ያለ ድምፅ፣ ከጎን ሲታይ የማይደበዝዝ ምስልና ቁልፎቹ የማያደናግሩ ሪሞት ነበር። የዲሹ ሪሲቨር የሚሰካበት ቀዳዳም መኖር አለበት፤ የአገር ቤት ጣቢያዎች የሚመጡት በሳተላይት ነውና። የኡጋንዳን ነፃ ጣቢያዎች ያለ ተጨማሪ ሣጥን ለመቀበል ደግሞ ቴሌቪዥኑ አገሪቱ የምትጠቀምበትን «ዲቪቢ ቲ2» የተባለውን ሥርዓት የሚያነብ መሆን ይኖርበታል።

ይህን ሁሉ የሚያሟላ ቴሌቪዥን በሁለት ሱቆች ተገኘ። አንደኛው ሱቅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ የአንድ ዓመት የዋስትና ካርድና ከግብር ባለሥልጣኑ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ደረሰኝ ይሰጣል። ሁለተኛው በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ያለ ሱቅ ሲሆን ዋጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ወጣቱ፣ «እትዬ፣ ዋስትና የሌለው ዕቃ ርካሽ አይደለም» አለ። እርሷ ግን የቤት ኪራይና የበዓሉ ወጪ ነበረባት፤ ከሁለተኛው ገዛች። ወጣቱ ቢያንስ ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ ይታይ ብሎ አስከፈተው፤ ሲሠራም በስልኩ ቀረጸው። የዕቃው ዓይነት፣ የመለያ ቁጥሩና ቀኑ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፉም አጥብቆ ጠየቀ። ደረሰኙ ግርጌ ላይ ግን ቀድሞ የታተመ መስመር ነበር፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ልክ በቅዳሴ መካከል፣ የስክሪኑ ግራ ግማሽ ጠቆረ።

ሴትየዋ በዚያ ሌሊት ያሰበችው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ፤ ብጣላ ማን ይሰማኛል?» የሚለው ሐሳብ ነበር የከበዳት። ብዙ ስደተኛ የተበላሸ ዕቃ ታቅፎ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የአገሩ ሕግ የሚናገረው ስለ «ገዢ» ነው እንጂ ስለ ዜጋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኡጋንዳ የዕቃ ሽያጭና የአገልግሎት አቅርቦት ሕግ፣ ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃ ከተሰጠው መግለጫ ጋር የሚስማማ፣ ለተራ አገልግሎቱም የሚበቃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ሻጭ በአፉ ባይናገረውም ይህ ግዴታ በሽያጩ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ሐሳቡን ቀይሮ ዕቃ የሚመልስ ሰውና ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሰው አንድ አይደሉም። ከተከፈለ በኋላ በሚሰጥ ወረቀት ግርጌ የታተመ መስመርም ብቻውን የተበላሸውን ቴሌቪዥን ደህና ሊያደርገው አይችልም።

ሕጉ ግን ለሚዘገይ ሰው አይራራም። ገዢ ጉድለቱን ሳያስታውቅ ዕቃውን ከተገቢው ጊዜ በላይ ካቆየ እንደ ተቀበለው ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀርለት ካሣ መጠየቅ እንጂ ዕቃውን አልቀበልም ማለት አይደለም። በአገር ቤትም የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። ቀን መቁጠር በሁለቱም ዘንድ ዋጋ አለው።

በማግሥቱ ሁለቱ ቴሌቪዥኑን በካርቶኑ ይዘው ሄዱ። ሻጩ ፊቱን አጠቆረ። «ኛቦ፣ ይህ የመብራት ጥፋት ነው፤ ኃይል በዝቶበት ነው» አለ። ሰበቡ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ በካምፓላ መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙ ዕቃ ይቃጠላል። ወጣቱ ግን ስታቢላይዘሩን ይዞ መጥቶ ነበር። «የኃይል ሰሌዳው ይከፈትና የተቃጠለ ነገር ካለ እንይ» አለ። ቀጥሎም የሠራበትን ቪዲዮ፣ ደረሰኙንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አጭር የአቤቱታ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ደብዳቤው ጉድለቱን፣ ቀኑንና የተጠየቀውን ነገር ይዘረዝራል፤ መጨረሻው ላይም ሁለት መንገዶችን ይጠቅሳል። አንደኛው ከደረጃ በታች ለሆኑ ዕቃዎች አቤቱታ የሚቀበለው የኡጋንዳ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ደንብ የተቋቋመው፣ እስከ 10 ሚሊዮን ሺሊንግ የሚደርስ ክርክር ያለ ጠበቃ የሚታይበት የአነስተኛ ክርክሮች ችሎት ነው።

ማንም ድምፁን አላነሳም። ሻጩ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበና ባለሙያ ጠራ። የኃይል ሰሌዳው ንጹሕ ነበር፤ ጥፋቱ የስክሪኑ ሆነ። ከአራት ቀንና ከሁለት ምልልስ በኋላ ሌላ ተመሳሳይ ቴሌቪዥን ተሰጣት። የመጓጓዣውን የመለሰላት የለም፤ እርሷም አልጠየቀችም። ከርካሹ ዋጋ ያተረፈችው ገንዘብ አብዛኛው በታክሲና ሥራ በመፍታት አለቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼው ነው» ስትል በራሷ ሳቀች።

በገና ዋዜማ እናት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ልጅ ደረሰኙን አውጥታ ለአክስቱ ልታስቀምጥ ካሰበው ወጣት እጅ ተቀበለች፤ የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ስለሚጠፋ ቅጂ ይነሣለት ሲል የመከራት እርሱ ነበር፤ ይህ በእጅ የተጻፈ ቢሆንም ቅጂው ተነሥቶለታል። እናት፣ «ወዲህ በይው» አሉና ከመዝሙረ ዳዊታቸው ቅጠሎች መካከል አኖሩት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» አሉ፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ እንድታደርግላቸው በእጃቸው አመለከቱ።